የአባይ ገደልና አንገተ ረጅሙ ዳይኖሰር

ከሊንውድ፣ ዋሽንግተን

እዚህ ሲያትል አካባቢ የሚያድጉ ልጆቻችን የአያት የቅድመ አያቶቻቸውን ስም ቆጥረው መናገር ቢያቅታቸውም የዳይኖሰር ስም ግን ሃያም ሠላሳም ሳይተነፍሱ ይወርዱታል። ከእነዚሁ ልጆች አንዱ «ኢትዮጵያ ውስጥስ ዳይኖሰር ነበረ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ አብዛኛው ወላጅ የሚሰጠው መልስ «እኛ ሉሲ አለችን» የሚል ነው። መልሱ የሚያኮራ ቢሆንም የተጠየቀው ሌላ ነው። ድንቅነሽ የኖረችው ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሲሆን ከወፎች በስተቀር የመጨረሻዎቹ ዳይኖሰሮች የጠፉት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። በእሷና በእነሱ መካከል ያለው ዘመን በእሷና በእኛ መካከል ካለው ሃያ እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ከ2008 መገባደጃ እስከ 2009 መጀመሪያ ድንቅነሽ እዚሁ ሲያትል፣ ፓስፊክ ሳይንስ ሴንተር በእንግድነት በቆየችበት ወቅት ሄደን ያየናት ሰዎች ስለ እሷ ብዙ ሰምተናል፤ ከእሷ በፊት ስለነበረው ኢትዮጵያ ግን አንዳችን እንኳ የጠየቅን አይመስለኝም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ለልጁ ጥያቄ ትክክለኛው መልስ፣ አዎ፣ ነበረ የሚል ነው። ማስረጃው ያለው ደግሞ ብዙዎቻችን በአውቶቡስ ወርደን የወጣነው ገደል ውስጥ ነው።

ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የተሻገረ ሰው ሁሉ የአባይን በረሃ ያውቀዋል። መኪናው በከባድ ማርሽ እያቃሰተ ሲወርድ ተሳፋሪው የሚያየው ገደሉን ነው እንጂ ለመንገዱ ሲባል የተቆረጠውን ዓለት አይደለም። አይፈረድበትም። ዓለቱን ያየ ግን ቁልቁል በወረደ ቁጥር ወደ ኋላ ዘመን እየሄደ መሆኑን ይረዳል። ከላይ ደጋውን የሸፈነው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ የፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ ነው። ከሥሩ አሸዋ ድንጋይ አለ። ዝቅ ሲል ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ከእሱ በታች ጀሶ ያለበት ንብርብር፤ ወንዙ አጠገብ ደግሞ ሌላ፣ ከሁሉም የሚያረጅ አሸዋ ድንጋይ። ጀሶ ያለበትን ንብርብር በ1981 «የጎሃ ጽዮን ፎርሜሽን» ብለው ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቁት ጌታነህ አሰፋ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ የጂኦሎጂ ምሁር ናቸው። ስማቸውን ከጥቂት ጂኦሎጂስቶች በቀር የሚያውቅ አለመኖሩ ያሳዝናል።

የኖራ ድንጋዩ የባሕር ወለል ነበር። ዛሬ ሕንድ ውቅያኖስ ባለበት አቅጣጫ የገባ ባሕር ጎጃምንና ሸዋን ሸፍኖ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ተኝቶ ነበር፤ የሞቱት የባሕር ፍጥረታት ዛጎልና የኖራ ጭቃ ተከምሮ ተጠቅጥቆ ነው ያ ነጭ ገደል የሆነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ባሕሩ መሸሽ ጀመረ። እሱ በለቀቀው ዝቅተኛ ሜዳ ላይ ወንዞች ጭቃና አሸዋ እያመጡ አነጠፉ። ይህ ጭቃ ጠንክሮ በኖራ ድንጋዩና በላይኛው አሸዋ ድንጋይ መካከል ይገኛል። ስሙ ከሙገር ወንዝ የተወሰደ ሲሆን ባለሙያዎቹ «የሙገር ጭቃ ድንጋይ» ይሉታል። በሰሜን ሸዋ የጀማ ወንዝ በቆረጠው ሸለቆ ውስጥም በደንብ ይታያል።

ከዚህ ጭቃ ድንጋይ ነው ጥርሶቹ የተገኙት። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌ የሠሩት ማርክ ጉድዊንና ባልደረቦቻቸው ከዚያው ዓለት የተገኘ የአንድ ትንሽ አጥቢ እንስሳ ጥርስ በ2007 አሳተሙ፤ በዚያ ዘመን ከነበሩ አጥቢዎች ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ማስረጃ ነበር። በ2011 ደግሞ ሊ ሆልና ጉድዊን ሥጋ በሎችን ጨምሮ የተለያዩ ዳይኖሰሮችን ጥርሶች ይዘው ወጡ። እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ነገሮች የሚፈለጉት በዶማ ሳይሆን በወንፊት ነው። አፈሩ በኩንታል ተጭኖ በውኃ ይታጠብና በወንፊት ይነፋል፤ የቀረው ጥሬ በማጉያ መነጽር ሥር እየተለቀመ ይታያል። እናቶቻችን ጤፍ ከሚነፉበት ሥራ የሚለየው ዓመታት መፍጀቱና ብዙ ጊዜ ባዶ እጅ መመለሱ ነው።

ጥርስ ብቻ? ያ ልጅ የሚያውቀው፣ አንገቱ ከቤት ጣሪያ በላይ የሚሄደው ዳይኖሰርስ የት አለ? ለዚህ ወደ ታንዛኒያ መውረድ ግድ ይላል።

በካርታ ላይ ከጀማ ሸለቆ ቀጥ ብላችሁ ወደ ደቡብ ብትወርዱ፣ ያንኑ የኬንትሮስ መስመር ይዛችሁ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዛችሁ በኋላ ተንዳጉሩ የሚባል ኮረብታ ታገኛላችሁ። በ1906 በርንሃርድ ዛትለር የተባለ ጀርመናዊ የማዕድን መሐንዲስ (የሙያ ባልደረባችን መሆኑ ደስ ይለኛል) ግዙፍ አጥንት መሬት ላይ ተጋልጦ አየ። ከ1909 እስከ 1913 ቬርነር ያኔንሽና ኤድቪን ሄኒግ የመሩት የበርሊን ሙዚየም ጉዞ ከ200 ቶን በላይ ቅሪተ አካል ከዚያ አወጣ። አወጣ ስንል ግን የቆፈሩትና የተሸከሙት በብዙ መቶ የሚቆጠሩ የአገሩ ሰዎች ናቸው። ሥራውን በቅርብ የተቆጣጠረው ቦሄቲ ቢን አምራኒ የሚባል አፍሪካዊ ነበር። መኪናም መንገድም ስላልነበረ ሁሉም ነገር በሰው ራስና ትከሻ ወደ 60 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ እየተጓዘ ሊንዲ ወደብ ደረሰ። ያ አገር ገና ከማጂ ማጂ አመፅና ካመፁ በኋላ ከመጣው ረሃብ አላገገመም ነበር። ዛሬ አጽሙ ቆሞ የሚታየው በርሊን ነው። በ1937 ተገጣጥሞ ቆመ፣ ከ2005 እስከ 2007 ተፈትቶ በአዲስ መልክ ተሠራ፤ ቁመቱ 13.27 ሜትር ሲሆን ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ይስተካከላል። በዓለም ላይ ተገጣጥመው ከቆሙ የዳይኖሰር አጽሞች ረጅሙ እሱ ነው።

ያኔንሽ በ1914 ብራኪዮሳውረስ ብራንካይ አለው። በኋላ በ2009 ማይክል ቴይለር የተባለ እንግሊዛዊ አጥንቱን ከአሜሪካው ብራኪዮሳውረስ ጋር አስተያይቶ ሁለቱ የአንድ ወገን እንዳልሆኑ ስላሳየ ዛሬ በብዛት ጂራፋታይታን ይባላል፣ ግዙፍ ቀጭኔ እንደማለት። ስሙ ይመጥነዋል። ከአብዛኛው አንገተ ረጅም ዳይኖሰር በተለየ የፊት እግሩ ከኋላው ይረዝማል። የፊት እግሩ የላይኛው አጥንት ብቻውን 2.13 ሜትር ነው፤ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች አጠገቡ ቢቆም እኩል ቢመጣ ነው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልግባ። እንዲህ ያለ ፍጥረት እንዴት ቆመ? ጋሊሊዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸውን ሕግ መሐንዲስ ሁሉ ያውቀዋል። የአንድን ነገር ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት እጥፍ ብታደርጉት ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ የሚሸከሙት እግሮች ውፍረት፣ ማለትም ተቆርጦ የሚታየው ገጽ ስፋት ግን አራት እጥፍ ብቻ ነው የሚያድገው። ስለዚህ እያንዳንዱ የአጥንት ቁራጭ የሚችለው ሸክም እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ትንኝን እንደ ላም ብታገዝፏት እግሯ ይሰበራል። የድሮ ሊቃውንት ይህንን ይዘው እነዚህ ዳይኖሰሮች በየብስ መቆም አይችሉም፣ ሐይቅ ውስጥ ተነክረው አፍንጫቸውን ብቻ ብቅ አድርገው ይኖሩ ነበር አሉ። ድሮ የተሳሉትን ሥዕሎች ያየ ያስታውሳል። በ1951 ግን ኬርማክ የተባለ ተመራማሪ ደረቱ ውኃ ውስጥ ያን ያህል ሜትር ጠልቆ ሳለ የውኃው ግፊት ሳንባውን ጨፍልቆ እንደማያስተነፍሰው አሳየ። የሐይቁ ታሪክ በዚያ ተዳከመ።

መልሱ አጥንቱ ውስጥ ተገኘ። የአንገቱ አንጓዎች እንደ ላም አጥንት ድፍን አይደሉም፤ ስስ ግድግዳ ያላቸው፣ በክፍልፋይ የተሞሉ ባዶ ሣጥኖች ናቸው። ከይዘታቸው ግማሽ በላይ የሚሆነው አየር ነበር። ከሳንባው የሚነሡ የአየር ከረጢቶች ልክ እንደ ዛሬዎቹ ወፎች አጥንቱ ውስጥ ይገቡ ነበር። እኔ ካለሁበት ሊንውድ ትንሽ ወደ ሰሜን፣ ኤቨረት ላይ አውሮፕላን ሲገጣጠም ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ክንፍን የሚያጠነክረው ድፍንነቱ አይደለም፤ ብረቱ የት እንደተቀመጠና የቱ ቦታ ባዶ እንደተተወ ነው። ለዚህ ነው የክብደቱ ግምት እንዲህ የተራራቀው። በ1962 ኮልበርት የተባለ ሰው 78 ቶን ብሎ ገምቶ ነበር፤ አየሩ ከታወቀ በኋላ የወጡት ስሌቶች በአብዛኛው ከ23 እስከ 40 ቶን ባለው ውስጥ ይወድቃሉ። ያም ቢሆን ከአራት እስከ ስድስት የደረሰ ዝሆን ነው።

ያልተፈታው ጥያቄ ደም ግፊት ነው። (እኛ አበሾች አርባ ዓመት ስናልፍ ከዚህ ወሬ መቼ እንርቃለን!) ደም ወደ ላይ አንድ ሜትር ለመውጣት በግፊት መለኪያው 77 ገደማ ይፈልጋል። እኛን ሐኪም ቤት 120 ከሆነ ደህና ነህ የሚሉን አንጎላችን ከልባችን ብዙ ስለማይርቅ ነው፤ የቀጭኔው የእኛን እጥፍ ገደማ ነው። ጂራፋታይታን አንገቱን ቀጥ አድርጎ ጭንቅላቱን ከልቡ ሰባት ሜትር ከፍ ቢያደርግ ለከፍታው ብቻ ከ500 በላይ ያስፈልገዋል። ይህን የሚገፋ ልብ ግድግዳው ምን ያህል ይወፍራል? አንዳንዶች ይህን ይዘው አንገቱን አግድም ዘርግቶ ነበር የሚበላው ይላሉ። ሌሎች የትከሻውንና የፊት እግሩን አሠራር እያሳዩ፣ ከፍ አድርጎ ለመብላት ካልሆነ ይህ ሁሉ ቁመት ለምን? ብለው ይመልሳሉ። እኔ ወደ ሁለተኞቹ አደላለሁ፤ ማንም መሐንዲስ ረጅም ክሬን ሠርቶ አጎንብሶ አይተወውም።

ምን ነበር የሚበላው? እዚህ ላይ ዓለሙን ራሱን መሳል ያስፈልጋል። አፍሪካ፣ ደቡብ አሜሪካ፣ ሕንድ፣ ማዳጋስካር፣ አንታርክቲካና አውስትራሊያ ጎንድዋና የሚባለው የአንድ ምድር ክፍሎች ነበሩ፤ መሰንጠቅ ገና መጀመራቸው ነው። ቀይ ባሕር የለም፣ ስምጥ ሸለቆ የለም፣ የሰሜን ተራራ የለም። ሣር አልበቀለም። ጤፍ፣ ስንዴ፣ እንሰት፣ ኮሶ፣ አደይ አበባ፣ አበባ የሚያወጣ ማንኛውም ተክል በአካባቢው ገና አልተስፋፋም። ሜዳውን የሸፈነው ፈርን ነበር፤ ዛፉ ደግሞ የጥድና የዝግባ ዓይነት። በየቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር የሚታየው ዝግባ የዘር ሐረጉ እስከዚያ ዘመን የሚደርስ፣ የጎንድዋና ቤተሰብ ልጅ ነው። ሲያትል መንገድ ዳር ተተክሎ በመከር ወርቅ የሚመስለው ጊንኮም ከዚያ ዘመን የተረፈ ወገን ነው። ጂራፋታይታን የዛፉን ቅጠል ቆርጦ ሳያኝክ ይውጣል፤ መንጋጋው ለማኘክ አልተሠራም። ማብላላቱ ሆዱ ውስጥ እንደ ጠላ ጋን ለቀናት ይቀጥላል። ጭንቅላቱ ትንሽና ቀላል የሆነው ለዚህ ነው፤ ጭንቅላቱ ትንሽ ስለሆነም አንገቱ ሊረዝም ቻለ። ግልገሉ ቢበዛ የእግር ኳስ ከሚያህል እንቁላል ወጥቶ ነው እንግዲህ ያን ያህል የሚሆነው።

ተንዳጉሩ በዚያን ጊዜ ባሕር ዳር ነበር፤ ኩሬና ረግረግ፣ ከኋላው ደን፣ ዝናብና በጋ የሚፈራረቅበት። የሙገር ጭቃ ድንጋይም ባሕር በሸሸበት ዝቅተኛ ምድር የተነጠፈ፣ በዕድሜም ተቀራራቢ ነው። በመካከላቸው እንስሳ የማያሳልፍ ውቅያኖስ አልነበረም። ታዲያ አንገተ ረጅሙ ወገን በዛሬው ሸዋ አልፏል ብሎ መጠበቅ ምን ያስገርማል? አጽም ግን እንደ ታንዛኒያው ያለ እስካሁን ከእኛ አልወጣም። ምክንያቱ ያን ያህል ሚስጥር አይደለም። ተንዳጉሩ ላይ አጥንቱ ራሱ ከአፈር ብቅ ብሎ ይታይ ነበር። እኛ ዘንድ ይህ ንብርብር በብዙ መቶ ሜትር ጥቁር ድንጋይ ተሸፍኖ በገደል ወገብ ላይ ብቻ እንደ ቀጭን መቀነት ይታያል፤ እሱም ቢሆን ቁጥቋጦና ማሳ ለብሶታል። ሌላው ምክንያት ገንዘቡም ባለሙያውም ወደ አፋር መሄዱ ነው። አፋር የሰው ዘር መነሻ ስለሆነ አይፈረድም፤ ግን አንድ አገር ሁለት ነገር መፈለግ ያቅተዋል?

እኔ የምኖርበት ዋሽንግተን ስቴት በዳይኖሰር ድሃ ነው። በጁራሲክ ዘመን አብዛኛው ገና ውቅያኖስ ነበር። በ2012 የበርክ ሙዚየም ሰዎች ሱሺያ በምትባል ደሴት ዳርቻ አንድ የተሰበረ የጭን አጥንት አገኙ፤ 42.5 ሳንቲ ሜትር፣ 80 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው፣ የሥጋ በል ዳይኖሰር። ይኸው ነው፤ ሙሉ ስም እንኳ ሊሰጡት አልቻሉም። ግን በ2015 አሳተሙት፤ በ2019 ታኮማ አጠገብ ያሉ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች «የስቴታችን ዳይኖሰር ይሁን» ብለው ለምክር ቤት አመለከቱ፤ በ2023 ሕግ ሆኖ ተፈረመ። ከሊንውድ ባቡር ተሳፍሮ ዩኒቨርሲቲው ሠፈር ወርዶ ትንሽ በእግር የሄደ ሰው ሙዚየሙን ያገኘዋል። በአንድ ስባሪ አጥንት ይህን ያህል። የጀማውን ጥርስ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ስንት ይሆን?

ይህን የምጽፈው ለወሬ ብቻ አይደለም። የሲሚንቶ ጥሬ ዕቃ ምንድን ነው? ኖራ ድንጋይ፣ ሸክላ አፈር፣ ጀሶ፣ አሸዋ ድንጋይ። ይህ ቃል በቃል ከላይ የቆጠርኩት የአባይ ገደል ንብርብር ነው። ለዚህም ነው ከ1984 ጀምሮ በሙገር፣ በኋላም በአካባቢው ትላልቅ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች የተተከሉት። ሲሚንቶ ይቅር የሚል መሐንዲስ የለም፤ አገር ያለ እሱ አይሠራም። ለማንሣት የፈለግሁት ድማሚቱ ከመፈንዳቱ በፊት ግድግዳውን የሚያይ ዓይን መኖር አለመኖሩን ነው። በ2000 የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በማዕድን ፍለጋ፣ በሕንፃ ወይም በመንገድ ሥራ ላይ ቅርስ ያገኘ ሰው ለባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅና እስኪታይ ድረስ ሳይነካካ እንዲጠብቅ ያዛል። ሕጉ አለ። የኤክስካቫተሩ ሹፌር ግን ምን እንደሚፈልግ ካልተነገረው ሕጉ ምን ያደርግለታል?

ሥራ ይቆማል ብሎ የሚፈራ ካለ አንድ ምሳሌ ልስጥ። በየካቲት 2014 ሲያትል መሐል ሳውዝ ሌክ ዩኒየን ለሕንፃ መሠረት ሲቆፈር ሠራተኞች የማሞዝ ጥርስ፣ ማለት የጥንት ዝሆን ቀንድ፣ አገኙ። ባለቤቱ ፈቀደ፣ የበርክ ሙዚየም ሰዎች መጡ፣ በጥቂት ቀን በጀሶ ጠቅልለው አነሡት፣ ቁፋሮው ቀጠለ። ሕንፃውም ተሠራ።

በሸዋም በጎጃምም የሚያስፈልገው ከዚህ አይበልጥም። እያንዳንዱ ካባ ሥራ ላይ አንድ ጂኦሎጂስት ወይም ፎርማን ግማሽ ቀን ቢሠለጥን ብዙ ነው። የሚማረው ቀላል ነው፤ ቅሪተ አጥንት ሲሰበር ውስጡ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፣ ድንጋይ ግን አይደለም፤ የመስክ ሰዎች ሲጠራጠሩ ምላሳቸውን ጫፉ ላይ ያስነኩታል፣ አጥንት ከሆነ ብዙ ጊዜ ይጣበቃል። ካገኘ ከቦታው አያንሣው፤ ምክንያቱም ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ካልታወቀ ግማሽ ዋጋው ይጠፋል። በስልኩ ፎቶ ያንሣ፣ አጠገቡ ለመጠን ብዕር ወይም መዶሻ ያስቀምጥ፣ ቦታውን ይመዝግብ፣ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም በቀጥታ ለቅርስ ባለሥልጣን ያሳውቅ። መጀመሪያ የሚገኘው ምናልባት ጥርስ ይሆናል። አንገተ ረጅሞቹ ጥርሳቸውን ዕድሜ ልካቸውን ይቀያይሩ ነበር፤ በ2013 በታተመ ጥናት አንዳንዶቹ በአንድ ቦታ ያለውን ጥርስ በየ35 ቀኑ፣ ሌሎቹ በየሁለት ወሩ ያወልቁ እንደነበር ተሰልቷል። ያን ያህል ጥርስ የጣለ መንጋ ባለፈበት ምድር አንዱ እንኳ ጭቃ ውስጥ ሳይቀር አይቀርም። ቅርጹም ይታወቃል፤ ረዘም ያለ፣ እንደ ማንኪያ ወይም እንደ ወፍራም እርሳስ ጫፍ፣ ላዩ የሚያብለጨልጭ ቡናማ ወይም ጥቁር።